በጦይባ ቦታ የመጣው ማንጎ

ሰው ስለ አሶሳ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ስለ ማንጎው ነው የማወራለት። ጠያቂው ደስ ይለዋል፤ እኔም ከዚያ ሳላልፍ ጨዋታው ያልቅልኛል። አሁን ግን ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብያለሁ፤ ጉልበቴም መንገድ እምቢ ብሏል። እንግዲያው መንገዱን በብዕር ልሂደው። ማንጎውም ይመጣል፣ በተራው።

ጊዜው የወሎ ሰፋሪዎች አሶሳ ከገቡ ሦስተኛ ዓመታቸውን የያዙበት ግንቦት ነው። እኔ አዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል የማህፀን ክፍል ነርስ ነበርኩ። ከሰፈራው ክሊኒክ ደም የሚፈሳቸው ሴቶች በዝተውብናል የሚል መልእክት መጣና አንድ ዶክተርና አንዲት ነርስ ይሂዱ ተባለ። ዶክተሩ ከውጭ አገር ትምህርቱ ከተመለሰ ዓመት አልሞላውም። በዕድሜ ከእኔ ስለሚያንስ ዛሬ ስጽፍ አንተ እለዋለሁ፤ ያኔ ግን እርስዎ ነበር የምለው። ሾፌራችን ጋሽ በቀለ ይባላሉ፤ ከመኪናቸው ጋር የሚነጋገሩ፣ ከሰው ጋር ደግሞ የሚቀልዱ ሰው ነበሩ።

ሰኞ ማለዳ ተነሣን። ላንድሮቨሩ ኋላ መድኃኒትና ዕቃ ተጫነ፤ ከእኔ ጎን ያለው አንድ ወንበር ግን ባዶ እንዲሆን ዶክተሩ አዘዘ። በጊዜ የተደረሰባትና በቀዶ ጥገና የምትድን ሴት ካገኘን በዚያ ወንበር ይዘናት ልንመለስ ነው። "አንዲት ሴት እንኳ ብናድን ጉዞው ተሳካ ማለት ነው" አለ። እኔም ያንን ባዶ ወንበር በየመንገዱ ዞር እያልኩ አየው ጀመር፤ ማን ትሆን የምትቀመጥበት እያልኩ።

እኔ የያዝኩት እናቴ በግድ ያስያዘችኝን ባና ነው። ደብረ ብርሃን የተወለደ ሰው ብርድ የሌለበት አገር አለ ቢሉት አያምንም፤ የሱፍ ብርድ ልብስ ሳይዙ መውጣት ራቁት እንደ መውጣት ነው። ጋሽ በቀለ ባናውን አይተው "ሲስተር፣ አሶሳ እኮ ነው የምንሄደው! በዚህ ተጠቅልለሽ ካደርሽ እንደ ዳቦ ትበስያለሽ" አሉኝ።

አምቦ ምሳ በላን። ከአምቦ በኋላ መንገዱ ቁልቁል እየወረደ፣ ሙቀቱም እየበረታ ሄደ። ዶክተሩን ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን የበረዶ ሣጥን ለምን እንደ ዓይኑ ብሌን እንደሚጠብቀው ጠየቅሁት። ከዚያማ ባኮ እስክንደርስ አላቆመም።

ነገሩ በዚያ ጊዜ ገና ትኩስ ነበር። የማህፀን በር ካንሰር የሚነሳው ኪንታሮት ከሚያወጣው ዓይነት ከአንድ ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። በአብዛኛዋ ሴት ላይ ሰውነቷ ራሱ ያጠፋዋል። በአንዳንዷ ግን ለዓመታት ይቀመጥና የቫይረሱ ዘር ከእሷ የሕዋስ ዘር ጋር ተጣብቆ ሥራ ይጀምራል። የሕዋሱ ዘር "በቃ፣ መባዛት አቁም" የሚል ትእዛዝ አለው፤ ያን ትእዛዝ የቫይረሱ ዘር ዝም ያሰኘዋል። ሕዋሱ መባዛቱን አያቆምም።

"ታዲያ ዋናው ነገር ዘሩ መኖሩ አይደለም" አለ እጁን እያወናጨፈ። "ሁሉም ዘር በሁሉም ሕዋስ ውስጥ አለ። የዓይንሽም፣ የጥፍርሽም ዘር አንድ ነው። ጥያቄው የትኛው ዘር ነው እየሠራ ያለው፣ የትኛውስ ተኝቷል ነው። እየሠራ ያለ ዘር መልእክት ይልካል። መልእክቱ ደግሞ ቶሎ ይበላሻል፤ ሙቀት ካገኘው እንደ ወተት ነው። ለዚህ ነው በረዶ የያዝኩት።"

ገባኝ። እንዲያውም በጣም ደስ አለኝ። ዘር ሲባል ሰው የሚያስበው ማን መሆንህን ነው፤ ይህ ሰው ግን ምን እየሠራህ ነው ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ቃሉ አልከነከነኝም። ሌላ ቃልም አልነበረንም፤ ዛሬ ልጆች በትምህርት ቤት ዘረመል የሚሉትን እኛ ዘር ነበር የምንለው። ነቀምቴ መሽቶብን ደረስን። ሆቴሉ ውኃ አልነበረውም፤ አልጋው ግን ንጹሕ ነበር።

ማክሰኞ በግምቢ በኩል መንዲ ልንገባ ወጣን። ዝናቡ ገና ማለዳ ያዘን። ግምቢ ላይ ጋሽ በቀለ የሚያውቋቸው እናት ቤት ለምሳ ገባን። "ኮቱ፣ ታኣ!" ብለው አስቀመጡን፤ ኑ፣ ተቀመጡ ማለት ነው። ሴትዮዋ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ምግቡ ከቀረበ በኋላ ቆመው ጸለዩልን። ለመንገዱ ጸለዩ፣ ለመኪናው ጸለዩ፣ ለዶክተሩ እጅ ጸለዩ። ወጡ ቀዘቀዘ። በእኛ አገር የምግብ ጸሎት አጭር ነው፤ ብርዱ ጊዜ አይሰጥም። "ይዛችሁ ለምትመጧት ሴትም እጸልያለሁ" ሲሉ ግን ስለ ወጡ ማሰቤ አሳፈረኝ። መንዲ ያደርንበት ቤት ትኋኑ ሌላ ነበር። ዶክተሩ ሸሽቶ መኪናው ውስጥ አደረ፤ እኔ ባናዬን ለብሼ ከትኋን ጋር ተሟገትኩ፤ የረታው ትኋኑ ነው።

ረቡዕ ዳቡስን ተሻግረን ወደ ባምባሲ ስንጠጋ ጭቃ ዋጠን። ጋሽ በቀለ መኪናቸውን በልመናም በስድብም አነጋገሩት፤ ንቅንቅ አላለም። ከአንድ የቀርከሃ አጥር ጀርባ አንድ ሰውዬ ብቅ አሉ፤ አብዱራሂም ይባላሉ፣ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው። ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ቀርከሃ ቆርጠው ከጎማው ሥር ደለደሉ። መኪናው ወጣ፤ ግን አልሄድንም፤ ሳንበላ አይለቁንም።

"መኪና ደክሟል። እሱ ይረፍ፣ እናንተ ብላ" አሉን። ቀጥለው አንዲት ረጅም ሴት እያሳዩ "እሱ ሚስቴ ነው፤ ገንፎ ሠራ" አሉ። ጋሽ በቀለ ሳቃቸውን ለመዋጥ ፊታቸውን ወደ መኪናው አዞሩ። የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ ነበር። እኛ ገንፎ የምናውቀው የገብሱን፣ መሐሉ ቅቤ የቆመበትን ነው፤ ባምያው እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። ሴትዮዋ እንዴት እንደሚያዝ በራሷ ጣት አሳየችኝ። ጋሽ በቀለ ሲነግሯቸው ለምን እንደምንሄድ ገባቸውና አብዱራሂም "የታመመ ሴት ይዛችሁ ስትመለስ እዚህ ቁሙ። እሱም ይበላል። ሪዝቅ አለ" አሉን። ሪዝቅ አላህ የሰጠው ሲሳይ ነው።

ሐሙስ ሰፈራው ደረስን። የመንደሯ ስም ቁጥር ነው። ቤቶቹ በመስመር የተሰለፉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የእኛ አገር ቤት አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ዞሮ ነው፤ ቤቱም እንደ ባለቤቱ ይኮርፋል። እዚህ ኩርፊያ እንኳ ቦታ አልነበረውም። ክሊኒኩ ማደሪያ ያለው ለወንዶቹ ብቻ ስለሆነ እኔ ለሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ ለወይዘሮ ጦይባ ተሰጠሁ።

ጦይባ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ባሏ በመጡበት ዓመት በወባ ሞቶባት ከልጇ ከዘይነባ ጋር ትኖራለች። ገና ስገባ "አብሽሪ እህቴ፣ ቤትሽ ነው" ብላ ዕቃዬን ተቀበለችኝ። ባናዬን ስታይ ግን እጇ እላዩ ላይ ቀረ። ዳሰሰችው፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

"የደጋ በግ ነው" አለች። "ወላሂ፣ ብርዱ ናፈቀኝ! ሰው ብርድ ይናፍቀዋል? እዚህ ሌት ከቀን ላብ ነው። አገሬ ሳለሁ ብርዱን ስረግመው ነበር፤ ይኸው አላህ ሰማኝ።"

ማታ ባናውን እሷ ለብሳው አደረች፤ ሙቀቱን አልቆጠረችውም። እኔ በነጠላ ተኛሁ። ዘይነባ እናቷን እያየች ትስቅ ነበር። ዘይነባ ታጭታለች፤ ሰርጉ ለጥር ነው። ባሏ የሚሆነው በሚቀጥለው ረድፍ የሚኖሩት የአቶ እንድሪስ ልጅ ነው። ጦይባ ስለዚህ ጋብቻ ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል፤ በመንደሯ የመጀመሪያው እውነተኛ ሰርግ ይሆናል አለችኝ።

እውነተኛ ያለችውን ያስረዳችኝ እሷው ናት። አገራቸው ሳሉ ልጅ ከመዳሩ በፊት ሽማግሌ ተቀምጦ ዘር ያጣራል። ማን ከማን ተወለደ፣ ቁምጥና አለባቸው ወይ፣ የሚወርድ በሽታ አለ ወይ ይባላል። እዚህ ግን ሰው ከየወረዳው ተለቅሞ የመጣ ነው፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎችም ግማሾቹ መንገድ ላይ አልቀዋል። "አሁን ዘሬን የሚመሰክርልኝ ምላሴ ብቻ ነው" አለች። "እኔ ንጹሕ ነኝ አልኳቸው፤ እነሱም ንጹሕ ነን አሉን። ተማምነን ተጋባን።"

ዓርብ ምርመራ ተጀመረ። የክሊኒኩ አግዳሚ ከጠዋት ጀምሮ ሞላ። የብዙዎቹ ቀላል ነበር፤ የሁለቱ ደግሞ ካለፈ ቆይቷል፤ እነሱን ስናሰናብት ዶክተሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጦይባ ሴቶቹን ስታደፋፍር ቆይታ በመጨረሻ እሷም ገባች። ከወር አበባ ውጭ ደም ታይ እንደነበር ለማንም አልነገረችም። ዶክተሩ አይቶ ሲጨርስ ለእኔ በቀስታ "ትንሽ ነው። ከቦታው አልወጣም። አሁን ከሄደች ትድናለች" አለኝ። ከቁስሉ ቅንጣት ወስዶ ግማሹን ለማይክሮስኮፕ ፎርማሊን ውስጥ፣ ግማሹን ለዘሩ መልእክት በረዶው ውስጥ አስቀመጠ።

ወንበሩ ባለቤት አገኘ። ለጦይባ ነገርናት። ጥቂት አሰበችና "ለሰርጉ እደርሳለሁ?" አለች።

"ከሰርጉ በፊት ድነሽ ትመለሻለሽ" አልኳት።

"እንግዲያስ እሺ።" ያን ቀን ማታ ልብሷን በጨርቅ ቋጠረች፤ ለዘይነባም ዶሮዎቹን አደራ ሰጠች። ያን ቋጠሮ ሳየው ልቤ በደስታ ይሞላ ነበር።

ቅዳሜ የሰፈራው ካድሬ ሕዝቡን መንደሯ መሐል ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሰበሰበና ዶክተሩ ስለ በሽታው እንዲያስረዳ ጠየቀ። የቀርከሃ አግዳሚ ተዘረጋ፤ ሴቶች በአንድ በኩል፣ ወንዶች በሌላ በኩል ተቀመጡ። ዶክተሩ በመኪና ውስጥ እንደነገረኝ አድርጎ ጀመረ፤ አሳምሮ። "በሽታው የሚነሳው ተኝቶ መቆየት የነበረበት ዘር ሲሠራ፣ መሥራት የነበረበት ዘር ደግሞ ሲተኛ ነው" አለ።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ እጃቸውን አወጡ። "ዶክተር፣ ይኼ ዘር ያልከው አምና የታደለን ምርጥ ዘር ነው? እኔስ ያን በቆሎ ገና ስዘራው ጠርጥሬ ነበር!"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ካድሬው እንደ ተነደፈ ሰው ዘሎ ተነሣ። "ጓዶች! ምርጥ ዘር ሴት አያሳምምም! ይኼ የአሻጥረኞች ወሬ ነው!" ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ዶክተሩ ነገሩ ከካድሬው ጋር እንዳያጣላው ደንግጦ ሁለት እጁን እያወዛወዘ "የለም! የለም! የእህሉን አይደለም! በሰው ውስጥ ያለውን ዘር ነው የምለው!" አለ።

ሳቁ ቆመ። እኔ ግን ገና እየሳቅሁ ነበር፤ ብቻዬን መቅረቴን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዓርብ አግዳሚው ላይ ማን ማን እንደተቀመጠ መንደሩ ሁሉ አይቷል፤ አሁን ዓይኑ ከአንዷ ወደ አንዷ ዞረ። ዶክተሩ ቀጠለ፤ ቫይረስ አለ፣ ሕዋስ አለ። የሰማው አልነበረም።

አመሻሽ ላይ አቶ እንድሪስ ወደ ጦይባ ቤት መጡ። አልገቡም፤ እኔን በር ላይ አገኙኝና ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ በሰው ውስጥ ያለ ዘር የተባለው ... ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል?"

"አይወርድም፣ አባባ። እንዲያ ማለቱ አይደለም።"

"ዘር ሆኖ አይወርድም?"

ምን ልበላቸው? ዘር ሆኖ የማይወርድ ነገር በአማርኛ እንዴት ይባላል? "ሌላ ዓይነት ዘር ነው" አልኩ፤ ለራሴም አልጣመኝም። አቶ እንድሪስ አልሄዱም። አንድ ነገር ሊጨምሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ በዚያው ቅጽበት ጦይባ ከውስጥ ወጣች። ሰላምታ ሰጧትና ፈጥነው ሄዱ።

"ሰማሽ?" አለችኝ። "ልጄን ሊተዋት ነው የመጣው።"

እሑድ አግዳሚው ባዶ ነበር። አንዲትም ሴት አልመጣችም። ቤት ተመልሼ ሳይ የጦይባ ቋጠሮ ተፈትቶ ልብሷ ገመድ ላይ ተሰቅሏል። ዶክተሩን ጠራሁት፤ ሦስታችን ተቀመጥን።

"የአንቺ ዘር ምንም አልሆነም" አላት። "በሽታው ከውጭ የገባ ነው። ቫይረስ ነው።"

"ከየት ገባ?"

ዶክተሩ ወደ እኔ አየ። ሴት ለሴት ይሻላል ብሎ ነው። "ከባል ነው፣ ጦይባ" አልኳት። "በግንኙነት ነው የሚተላለፈው።"

በጣቷ ቆጠረች። "ባሌ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ሰው ከየት አመጣችው አይልም?"

"ለብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል" አለ ዶክተሩ። "ወሎ ሳላችሁ የያዘሽ ሊሆን ይችላል።"

"አይ ዶክተር! ይኼን ሄደህ ለእንድሪስ ንገረው እስቲ፤ ያምንሃል?" ቁጣ አልነበራትም፤ እንደ ልጅ ነበር የምታስረዳው። "ዘር ነው ካልከኝ ልጄን የሚያገባት የለም። ከወንድ ነው ካልከኝም የኔን ልጅ የሚያገባት የለም። እንግዲህ በየት ልውጣ? ምንም የለብኝም። ሰው ከጠየቃችሁ ጦይባ ጤነኛ ናት በሉ።"

ለመንኳት። ትሞቻለሽ አልኳት፤ በሙያዬ ይህን ቃል ለበሽተኛ ተናግሬ አላውቅም። "ከሰርጉ በኋላ እመጣለሁ" አለች። "ጥርን ላሳልፍ። ልጄ ቤቷ ትግባ እንጂ ከዚያ በኋላ ብትፈልጉ ገነጣጥላችሁ ስፉኝ።" ዶክተሩ ጥር ሩቅ መሆኑን ለማስረዳት ሞከረ። እሷ ግን ሐሳቧን ጨርሳ እሳቷን ልታያይዝ ተነሥታ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ተሰናበትን። ባናዬን ለዘይነባ ለሰርጓ ብዬ ተውኩላት፤ ጦይባ አገላብጣ ሳመችኝ። ከዚያ በቀርከሃ ቅርጫት ሙሉ ማንጎ ይዛ መጣችና የኋላውን በር ከፍታ ራሷ አስቀመጠችው፤ ባዶው ወንበር ላይ፤ የእሷ ቦታ ላይ። እንዳይንከባለል በገመድ ታሰረ። "መንገድ ላይ ብሉት፤ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ" አለች። ጋሽ በቀለ ሳይቀልዱ ሞተሩን አስነሡ።

የመመለሻውን መንገድ ማስታወስ አልወድም። ከባምባሲ ወዲያ ያው ጭቃ ያዘን፤ በዚህ ጊዜ ግን ዝናቡ ስላልለቀቀ እዚያው አደርን። አብዱራሂም በፋኖስ መኪናው ውስጥ አይተው "የታመመ ሴት የታለ?" አሉ።

"ቀረች።"

"እሱ ፈራ?"

"ፈራች" አልኳቸው።

"አላህ ያግዘው" አሉ። በዚህ ጊዜ በአማርኛቸው የሳቀ አልነበረም። ገንፎው ለአራት እንግዳ ነበር የተሠራው፤ የእሷንም ጨምረው ነው። ማለዳ ስንነሣ የማንጎውን ግማሽ ለልጆቻቸው ሰጠን፤ ከቀረው ማንም እጁን አልሰደደም። አዲስ አበባ ስንደርስ ግማሹ ጠቁሮ ወንበሩን አበላሽቶት ነበር፤ ጋሽ በቀለ አጠቡት፤ ሽታው ግን ክረምቱን ሙሉ አልለቀቀም።

በረዶውም ቀልጦ ነበር። ዶክተሩ ሣጥኑን ከፍቶ ለብ ያለውን ውኃ መሬት ላይ ደፋው፤ መልእክቱ ተበላሽቶ አልቋል። ፎርማሊን ውስጥ የነበረው ግማሽ ደኅና ደረሰ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንዳለው ካንሰር ነበር፤ ትንሽ፣ ከቦታው ያልወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሳይንሱ ብዙ ርቋል። ከቫይረሱ ዘሮች ሁለቱ መባዛት አቁም የሚሉትን የሕዋሱን ዘበኞች እንዴት እንደሚያጠፉ በደንብ ታወቀ። ዛሬ ልጃገረዶች በየትምህርት ቤታቸው ክትባቱን ይወስዳሉ፤ የልጅ ልጄ ክንዴን አመመኝ ብላ ስታለቅስ እኔም አብሬያት ያለቀስኩት ለምን እንደሆነ ቤተሰቡ አልገባውም። የሚቆጨኝ ሳይንሱ መዘግየቱ ብቻ አይደለም። ሳይንሱማ በአቅሙ መጥቶ ነበር፣ እስከ ማንጎው ሥር ድረስ። አንድ ቃል አጣንለት። ዘር ማለት ትተን የሕዋሱ ሥራ ተበላሸ፣ የሕዋሱ ሥራ ታመመ ብንል ኖሮ እላለሁ። ሥራ ቢታመም ማንም አያፍርበትም ነበር።

ጦይባ ቃሏን ጠበቀች። ጥርን አሳልፋ መጋቢት ላይ ሆስፒታላችን መጣች። በቃሬዛ ነው የገባችው። የበሽታዋን ሽታ ገና ከበሩ አወቅሁት። ዶክተሩ መርምሯት ወጣና በአገናኝ መንገዱ ላይ ተቀመጠ፤ በዚያ ጊዜ እዚህ ደረጃ ለደረሰ በሽታ ከሕመም ማስታገሻ በቀር የምንሰጠው አልነበረንም። ያመጧት አቶ እንድሪስ ናቸው፤ ዘይነባ ነፍሰ ጡር ስለሆነች አልቻለችም። ያን ሁሉ መንገድ ከልጃቸው አማት ጋር በጭነት መኪና መጥተዋል። ጦይባን ለብርዱ ብለው ያለበሷት ባናዬን ነበር።

ሻይ ገዛሁላቸው። አልጠጡትም።

"ሲስተር፣ ያን ለታ የጠየቅሁሽን ታስታውሻለሽ?"

"አስታውሳለሁ፣ አባባ።"

"የልጄ እናት እንዲህ ሆና ነው የሞተችው። ገና ከአገራችን ሳንነሣ ጀምሮ ይፈሳት ነበር። ማንም አያውቅም፤ በወባ ነው ብያለሁ። ዶክተሩ ዘር ነው ሲል ጉድ ሆንኩ አልኩ። ልጄ ቢወርሰው፣ የሰው ልጅ ሊያጠፋ ነው አልኩ። ጦይባ ከሰማች ልጇን ትከለክለኛለች ብዬ ላንቺ ልናገር መጣሁ። እሷ ስትወጣ ደንግጬ ሄድኩ።"

በሁለት ረድፍ ተለያይተው ሁለት ሰዎች አንዱን በሽታ አንዱ ከሌላው ሲደብቁ ከርመዋል። እኔ መሐል ነበርኩ፤ በሩ ላይ።

ለጦይባ እንዲነግሯት ጠየቅኋቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ ግን ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። አልጋዋ አጠገብ ቆመው ሁሉንም ነገሯት፤ ሚስታቸውን፣ ወባ ያሉትን፣ ያን አመሻሽ። ጦይባ ዓይኗን ከፊታቸው ሳትነቅል ሰማቻቸው።

"እኔኮ አንቱን ፈርቼ ነው የቀረሁት" አለች።

"እኔም አንቱን ነው" አሏት።

ጦይባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አለቀሰች ብዬ ነበር፤ ቀና ስትል ግን ስትስቅ ነበር፤ እንባዋም እየወረደ። ባናውን እስከ አገጯ ሳበችና ወደ እኔ ዞረች።

"ያ ማንጎ መንገድ ላይ በላችሁት? ጣፈጣችሁ?"

"በጣም ጣፋጭ ነበር፣ ጦይባ" አልኳት።